ፓይራይት ለምን እምቢ አለ? የኒኦቪም፣ የኖድ እና የኡቡንቱ ጣጣ

ኮድ የምትጽፉበት ኤዲተር «ኢንስቶል ማድረግ አልተቻለም» ሲላችሁ ብዙ አትጨነቁለት። የሆነ ነገር መበላሸቱ ልክ ነው፤ ምኑ እንደተበላሸ ግን እሱም አያውቅም። የሚያወራው ከሌላ ፕሮግራም የሰማውን ነው፣ ያኛውም ከሌላ የሰማውን፤ እንዲህ እንዲህ እያለ እናንተ ጋ ሲደርስ ዋናው ነገር ተቆርጦ አንድ ቀይ መስመር ብቻ ይቀራል። ስለዚህ ላንጉዌጅ ሰርቨር (ኮድ ስትጽፉ ስሕተት የሚያሳያችሁና ቀጣዩን የሚጠቁማችሁ አጋዥ ፕሮግራም) አልጫን ሲል የመጀመሪያው ሥራ ኤዲተሩን መዝጋት ነው። የምሬን ነው። ዝጉትና ሰርቨሩን ለብቻው ተርሚናል (ትዕዛዝ በጽሑፍ የሚሰጥበት መስኮት) ላይ አስነሱት።

ይሄን ለመጻፍ ያነሳሳኝ ሰሞኑን የአክስቴ ልጅ ላፕቶፕ ላይ የገጠመን ነገር ነው። ሌላው ሰው በተለያየ ጊዜ አንድ አንዱን የሚያገኘው ችግር እሷ ጋ ተሰልፎ መጣ። ዩኒቨርሲቲ ናት፣ ፓይተን እየተማረች ነው። ጓደኞቿ በሙሉ ቪኤስ ኮድ የሚባለውን ኤዲተር ነው የሚጠቀሙት፤ የእሷ ላፕቶፕ ግን አሮጌ ነው፣ ራሙ 4 ጊጋ ብቻ ስለሆነ ቪኤስ ኮድ እና ብራውዘር አብረው ሲከፈቱ ይንገዳገዳል። ስለዚህ ኒኦቪም፣ ተርሚናል ውስጥ የሚሠራው ቀላል ኤዲተር፣ ይሻለኛል አለች። ደግ አደረገች። ኡቡንቱ 22.04 (ላፕቶፗ የሚሠራበት ሊኑክስ) ላይ ኒኦቪምን ጫነች፣ ላንጉዌጅ ሰርቨር የሚጭንላትን ሜሰን የሚባለውን ፕለጊን አስገባች፣ ከዝርዝሩ ውስጥ የፓይተኑን ሰርቨር ፓይራይትን መርጣ ጫን አለችው። እምቢ። ቴሌግራም ላይ ስክሪኑን በስልክ ፎቶ አንስታ ላከችልኝ፣ ግማሹ ብርሃን መትቶት አይነበብም። ከሥሩ «ኧረ ይሄ ነገር አልሆነልኝም፣ በቃ ላጠፋው ነው» ብላለች።

«ቆይ አታጥፊው፣ ሎጉን በጽሑፍ ላኪልኝ» አልኳት።

ወደ ሎጉ (ፕሮግራሙ የሠራውን የሚመዘግብበት ጽሑፍ) ከመሄዴ በፊት ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ ትንሽ ልበል፣ ምክንያቱም ይሄን ካወቃችሁ ግማሹ ችግር በራሱ ጊዜ ይገለጣል። ላንጉዌጅ ሰርቨር እዚያው ላፕቶፓችሁ ውስጥ ከኤዲተሩ ጎን የሚሠራ፣ ራሱን የቻለ ፕሮግራም ነው። ኤዲተሩ ፋይል ስትከፍቱ ያስነሳዋል፣ ከዚያ ሁለቱ ጄሰን በሚባል የጽሑፍ አቀራረብ መልእክት ይጻጻፋሉ፦ «ተጠቃሚው እዚህ መስመር ላይ ነጥብ ጻፈ፣ ምን ምን ላሳየው?» «እነዚህን አሳየው።» ይሄን አሠራር ማይክሮሶፍት ከሬድ ሃት እና ከኮደንቪ ጋር ሆኖ በፈረንጆች 2016 ይፋ ያደረገው ለእያንዳንዱ ኤዲተርና ለእያንዳንዱ ቋንቋ የተለየ ፕለጊን መጻፍ እንዲቀር ነው። ኒኦቪም ደግሞ በ2021 ከወጣው ከ0.5 ቨርዥን ጀምሮ በውስጡ ይዞታል። ሰርቨሩ ለብቻው የቆመ ፕሮግራም ከሆነ ደግሞ ያለ ኤዲተር መነሳት ይችላል ማለት ነው። ለእኛ ትልቁ ነገር ይሄ ነው።

ሜሰንስ? ሜሰን ራሱ ምንም አይሠራም ማለት ይቻላል፤ አዛዥ ነው። ሰርቨሩ በጃቫስክሪፕት የተጻፈ ከሆነ የጃቫስክሪፕት ፓኬጅ የሚጭነውን ኤንፒኤምን ይጠራል፣ የፓይተን ከሆነ የፓይተኑን ጫኝ ፒፕን፣ ጎ በሚባለው ቋንቋ ከሆነ የቋንቋውን የራሱን መሣሪያ ይጠራል፣ ሌላውን ከጊትሃብ አውርዶ ይፈታል። ታዲያ የሚጠራው ሰው ቤት ከሌለ «ኢንስቶል አልሆነም» ብሎ ቁጭ ይላል። ፓይራይት ደግሞ የፓይተንን ኮድ የሚያርም ቢሆንም የተጻፈው በታይፕስክሪፕት (የጃቫስክሪፕት ዝርያ) ነው፣ የሚሮጠውም ጃቫስክሪፕትን በሚያስኬደው ፕሮግራም በኖድ ነው። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ነው የሚሳሳተው፤ «እኔ ፓይተን ነው የምጽፈው፣ ኖድ ምን ያደርግልኛል» ይላል። የአክስቴ ልጅም ያለችኝ ይሄንኑ ነው።

ሎጉ ሲመጣ ነገሩ ግልጽ ነበር። ሜሰን ኤንፒኤምን ፈልጎ አጥቶታል። በቃ፣ ሌላ ምስጢር የለውም። ሜሰን የራሱን ሎግ የሚያሳይ «ሜሰን ሎግ» የሚባል ትዕዛዝ አለው፤ ቀዩን መስመር ትታችሁ እሱን ክፈቱና ከታች ወደ ላይ አንብቡ።

እሷ ኢንተርኔት ላይ ያገኘችውን ምክር ተከትላ በአፕት (በኡቡንቱ በራሱ የፕሮግራም መጫኛ) ኤንፒኤምን ጫነች። እሱም አብረውት የሚመጡ ጥቃቅን ፓኬጆችን ሁሉ አግተልትሎ ገባ፤ ኖድም ከነሱ ጋር መጣ። እንደገና ሜሰንን ከፈተች፣ ፓይራይትን ጫን አለችው፣ ጫነው። አረንጓዴ ምልክት። ደስ ብሏት የፓይተን ፋይል ከፈተች፤ ስክሪኑ ታች ላይ ፓይራይት በኤግዚት ኮድ (ፕሮግራም ሲዘጋ የሚተወው ቁጥር) 1 እንደወጣ የሚናገር መልእክት ብቅ አለ። ተጭኗል፣ ግን አይነሳም። ለእኔ ከመጀመሪያው ኤረር ይልቅ የሚያናድደው ይሄኛው ነው፣ ምክንያቱም አረንጓዴውን ያየ ሰው ጥፋቱን ኮንፊግ (የኤዲተሩ ማስተካከያ) ፋይሉ ውስጥ መፈለግ ይጀምራል፤ ሰላም የነበረውን ኮንፊግ ሲነካካ ያመሻል።

ኮንፊግ አትንኩ። ተርሚናል ክፈቱና ሰርቨሩን በስሙ ጥሩት። እዚህ ጋ አንድ ወጥመድ አለ፦ ሜሰን የሚጭናቸውን ነገሮች የሚያስቀምጠው ሆም ፎልደራችሁ ውስጥ ራሱ ዘንድ ነው፣ ቦታውንም የሚያሳውቀው ለኒኦቪም ብቻ ነው። ስለዚህ ተርሚናሉ ላይ ስሙን ብቻ ብትጽፉ «እንዲህ የሚባል ትዕዛዝ የለም» ይላችኋል፤ ያ ማለት ግን አልተጫነም ማለት አይደለም። ሜሰን ፎልደር ውስጥ «ቢን» የምትባለዋ ውስጥ ገብታችሁ ከሙሉ አድራሻው ጋር ጥሩት፣ መጨረሻው ላይ ደግሞ ሁለት ሰረዝ እና «ኤስቲዲአዮ» ጨምሩ። ሰርቨሩ ጤነኛ ከሆነ ምንም አይልም። ጠቋሚዋ ብልጭ ድርግም እያለች ዝም ብሎ ይጠብቃል፤ ኤዲተር እስኪያናግረው ነው የሚጠብቀው። በኮንትሮል ሲ ትወጣላችሁ። ያችን መጨረሻ ላይ ያለችውን ነገር ረስታችሁ «የኮኔክሽን መግቢያ አልተሰጠኝም» ብሎ ከጮኸም ደግ ነው፣ በሕይወት አለ ማለት ነው።

የእሷ ግን ዝም አላለም። ወዲያው ተፋው፦ ላይ የፋይሉ ስምና የመስመር ቁጥር፣ ቀጥሎ ራሱ የኮዱ መስመር፣ ከሥሩ ወደ ላይ የምትጠቁም ትንሽ ምልክት፣ ከዚያ «ሲንታክስ ኤረር፣ ያልተጠበቀ ምልክት» እና በጥቅስ ውስጥ አንዲት ጥያቄ ምልክት። ይሄን ያየ ሰው ፓይራይት ራሱ ኮዱ የተበላሸ ይመስለዋል። አይደለም። አዲሱ ጃቫስክሪፕት ሁለት ጥያቄ ምልክት አጠገብ ለአጠገብ አድርጎ የሚጽፈው ነገር አለ፣ «ግራው ባዶ ከሆነ ቀኙን ውሰድ» ለማለት። ይሄን ኖድ ማንበብ የጀመረው ከ14 ቨርዥን ወዲህ ነው። እሷ ጋ ያለው ስንት ነው? ጠየቅነው፤ 12.22.9።

ኡቡንቱ 22.04 በአፕት የሚሰጣችሁ ኖድ ይሄ ነው። ነገሩ ትንሽ ያስቃል። ኡቡንቱ 22.04 የወጣው በፈረንጆች ኤፕሪል 21፣ 2022 ነው፤ ኖድ 12 ደግሞ ድጋፉ የተቋረጠው በዚያው ዓመት ኤፕሪል 30 ነው። ገና ሳጥኑ ሳይከፈት ጊዜው አለፈበት ማለት ይቻላል። ኡቡንቱን አልወቅስም፤ የእነሱ ሥራ አንዴ የያዙትን ቨርዥን ሳይነካኩ ለዓመታት ማቆየት ነው፣ ለሰርቨር ማሽን ይሄ ጥሩ ጠባይ ነው። ለዴቨሎፐር መሣሪያ ግን አይሆንም። ኒኦቪምም ያው ነው፣ 22.04 ላይ በአፕት የሚመጣው 0.6.1 ነው፤ የአሁኑ ሜሰን ደግሞ ከ0.10 በታች አያናግርም። እሷ ኒኦቪሟን ከፕሮጀክቱ ገጽ አውርዳ ስለነበር እዚያ ላይ ተርፋለች። ኤንፒኤምም ሲጭን ዝም አላለም፣ «ይሄ ፓኬጅ ከዚህ የሚበልጥ ኖድ ይፈልጋል» የሚል ማስጠንቀቂያ ይሰጣል፤ ግን ማስጠንቀቂያ ብቻ ስለሆነ ጭነቱን አያቆመውም። ማን ያነበዋል? ሜሰንም አረንጓዴውን ያበራል።

መፍትሔው ኤንቪኤም ነው፣ ወይም የፈለጋችሁት ሌላ የኖድ ቨርዥን ማቀያየሪያ። በእሱ ኖድ 22ን ጫንን። ፓይራይትን እንደገና መጫን አላስፈለገም። ምክንያቱም ሜሰን ያወረደው ነገር ንጹሕ ጃቫስክሪፕት ነው፤ የመጀመሪያዋ መስመር ላይ «ኖድ የሚባለውን ፈልገህ በእሱ አስኪደኝ» የምትል ትእዛዝ ብቻ አለችው። የትኛው ኖድ? በዚያች ሰዓት ፓዝ (ኮምፒውተሩ ፕሮግራም የሚፈልግባቸው ፎልደሮች ዝርዝር) ላይ ቀድሞ የተገኘው። ይሄን ነጥብ ያዙት፣ አሁን ይፈለጋል።

ተርሚናል ላይ ሰርቨሩ ዝም ብሎ ተቀመጠ። ኒኦቪምን ከዚያው ተርሚናል ከፈተችው፣ ሠራ። ቀይ ምልክቶቹ መጡ፣ ነጥብ ስትጽፍ ዝርዝሩ ወረደ። በነጋታው «ደግሞ ጠፋ» ብላ ጻፈችልኝ። «ምን ነገር ነካካሽ?» አልኳት። ምንም። ምንም አልነካችም። ብቻ ኒኦቪምን የከፈተችው አፕሊኬሽን ዝርዝሩ ውስጥ ካለው ምስል ላይ ተጭና ነው።

ብዙ ሰው የሚሸነፈው እዚህ ነው፣ ኒኦቪም ላይም ብቻ አይደለም፣ ከምስል የሚከፈት ኤዲተር ሁሉ ላይ ሊደርስ ይችላል። ኤንቪኤም ራሱን የሚያስተዋውቀው ባሽአርሲ በምትባለው ፋይል ውስጥ ነው። ያችን ፋይል የሚያነባት ተርሚናል ስትከፍቱ የሚነሳው ትዕዛዝ ተቀባይ፣ ባሽ፣ ነው። ምስል ስትጫኑ ግን ኤዲተሩን የሚያስነሳው ዴስክቶፑ ነው፣ እሱ ደግሞ ባሽአርሲን አያነብም፤ ስለዚህ ኤዲተሩ አዲሱን ኖድ አያውቀውም። እሷ ጋ አሮጌው የአፕት ኖድ ገና ስለነበር ኤዲተሩ እሱን አገኘና ወደዚያው የጥያቄ ምልክት ኤረር ተመለሰ። አሮጌው ባይኖር ኖሮ ደግሞ «ኖድ የሚባል ፋይል የለም» ብሎ በኮድ 127 ይወጣ ነበር። 127 ካያችሁ በቃ ትዕዛዙ አልተገኘም ማለት ነው፣ 126 ከሆነ ፋይሉ አለ ግን ማስነሳት አልተቻለም፣ ብዙ ጊዜ የፈቃድ ጉዳይ ነው። 1 ከሆነ ፕሮግራሙ ተነስቶ ራሱ ነው የሞተው፣ ሎጉን አንብቡ።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። ኒኦቪም ውስጥ «ኤክሴፓዝ» የሚባል ፈንክሽን አለ፤ «ኖድ» ብላችሁ ስትሰጡት እሱ የሚያየውን ኖድ አድራሻ ያሳያችኋል። ያንኑ ጥያቄ ተርሚናል ላይ «ኮማንድ» ብላችሁ፣ ሰረዝ ቪ አድርጋችሁ ጠይቁ። ሁለቱ መልስ ከተለያየ ችግራችሁ እሱ ነው፣ ሌላ አትፈልጉ። እኛ የአፕቱን ኖድ አስወገድንና ሆም ፎልደሯ ውስጥ ሎካል ሥር ያለችው «ቢን» ውስጥ ወደ አዲሱ ኖድ የሚወስድ ሊንክ አደረግን፤ ያችን ፎልደር ኡቡንቱ ሎግኢን ስታደርጉ ፓዝ ላይ ይጨምራታል። ወጥታ ገባች፣ ሠራ። የዚህ ዘዴ ጉድለት ኖዱን አፕዴት ባደረገች ቁጥር ሊንኩን ማደስ አለባት። እኔ ብሆን ምስሉን ትቼ ሁልጊዜ ከተርሚናል ነበር የምከፍተው፣ እሷ ግን ምስሉን ትወደዋለች፣ ምን ይደረግ።

በመሃል «ለምን በሱዶ አልጭነውም?» ብላኝ ነበር፤ በአስተዳዳሪ ሥልጣን ማለቷ ነው። አይሆንም። ሱዶ ብላችሁ ኤንፒኤምን ስታስሮጡ አንዳንዴ ካሽ (የወረደው የሚጠራቀምበት) ፎልደራችሁ ውስጥ የሩት፣ ማለትም የአስተዳዳሪው፣ የሆኑ ፋይሎች ይቀራሉ፤ ከዚያ በኋላ በራሳችሁ ስም ስትጭኑ «ፈቃድ የለህም» የሚል ኤረር ይመጣል፣ ያንን ለማለፍ ደግሞ እንደገና ሱዶ፣ ነገሩ ማብቂያ የለውም። ሜሰን ሁሉን ነገር ሆም ፎልደር ውስጥ የሚያስቀምጠው ሱዶ እንዳያስፈልግ ነው። የሆነ መመሪያ «ሱዶ በል» ካላችሁ ለምን እንደሆነ ሳይነግራችሁ አትቀበሉት።

ስለ ኢንተርኔት ሳልናገር ባልፍ ደግሞ አገሬን የረሳሁ ይመስላል። ኮኔክሽኑ መሃል ላይ ከተቋረጠ ኤንፒኤም በነባሪው የሚሞክረው ሁለት ጊዜ ደግሞ ብቻ ነው፣ አንዱን ጥያቄም 5 ደቂቃ ነው የሚጠብቀው። ሁለቱንም በኮንፊግ ከፍ ማድረግ ይቻላል፤ «ፌች ሪትራይስ» እና «ፌች ታይምአውት» ይባላሉ። በሞባይል ዳታ የምትጭኑ ደግሞ አትስጉ፣ ወርዶ ያለቀ ፓኬጅ ካሽ ውስጥ ስለሚቀር ሁለተኛ ስትሞክሩ ያንኑ እንደገና አያወርድም። ካሹን «አጽዳ» የሚል ምክር ኢንተርኔት ላይ ሞልቷል፤ ዳታችሁን በከንቱ ከመጨረስ በቀር ብዙም አይረዳም። መሥሪያ ቤት ኔትወርክ ላይ ሆናችሁ ስለ ሰርተፍኬት የሚያማርር ኤረር ከመጣ ደግሞ መሃል ላይ ትራፊኩን ከፍቶ የሚያይ ፕሮክሲ አለ ማለት ነው። ሰው ሁሉ የሚመክረው የሰርተፍኬት ማረጋገጫውን ማጥፋት ነው። አታጥፉ። አይቲ ክፍሉን የሰርተፍኬቱን ፋይል ጠይቁና ለኖድ አሳዩት፣ ለዚሁ የተዘጋጀ የኢንቫይሮመንት ቫሪያብል አለው።

«ኖድ ከሚባል ነገር ጋር ጨርሶ መነካካት አልፈልግም» ለምትሉ ደግሞ ቤዝድፓይራይት የሚባለው የፓይራይት ቅርንጫፍ በፒፕ ይጫናል፣ ኖዱንም አብሮት ይዞ ይመጣል። ግን እዚያም ኡቡንቱ የራሱን ድንጋይ አስቀምጧል፦ ሜሰን ለፓይተን ፓኬጅ ቨርቹዋል ኢንቫይሮመንት (በአጭሩ ቬንቭ፣ ለብቻው የተከለለ የፓይተን ቦታ) ይፈጥራል፣ ኡቡንቱ ደግሞ ያንን የሚፈጥረውን ክፍል ከፓይተን ነጥሎ በሌላ ፓኬጅ ነው ያስቀመጠው። ፓይተን አለኝ ትላላችሁ፣ ቬንቭ ግን የላችሁም። ኤረሩ ደግነቱ ግልጽ ነው፣ የትኛውን ፓኬጅ በአፕት እንደምትጭኑ ራሱ ይነግራችኋል።

ሁሉ ነገር ከተነሳ በኋላ የሚመጣው ጥያቄ «ኢምፖርት ያደረግኩት ሁሉ ሥሩ ተሰምሮበታል፣ ሰርቨሩ አልተጫነም ማለት ነው?» የሚል ነው። በደንብ ተጭኗል፣ መስመሩን ያሰመረው እኮ እሱ ነው። ላይብረሪዎቻችሁን የጫናችሁበትን ቬንቭ ስላላገኘው ነው። ቬንቩን መጀመሪያ አንቁና ከዚያው ተርሚናል ኤዲተሩን ክፈቱ፣ ወይም ፕሮጀክቱ ውስጥ በፓይራይት የኮንፊግ ፋይል ቬንቩ የት እንዳለ ንገሩት።

በአማርኛ ለምንጽፍ ሰዎች ብቻ የሚሆን አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። የአክስቴ ልጅ የሠራችው ፕሮግራም ለተጠቃሚው የሚያሳየው ጽሑፍ አማርኛ ነው። ፓይራይት ከተነሳ በኋላ ራፍ የሚባለውን ሌላ የፓይተን ሰርቨርም ጨመረችበት፣ ከዚያ ኒኦቪም «የሁለቱ ሰርቨሮች ኢንኮዲንግ አይመሳሰልም» ዓይነት ማስጠንቀቂያ ማሳየት ጀመረ። እሷ እንደገና ጭነቱ የተበላሸ መሰላት። ኤዲተሩና ሰርቨሩ ስሕተቱ የት ላይ እንደሆነ የሚነጋገሩት በመስመር ቁጥርና በመስመሩ ውስጥ ባለ የቦታ ቁጥር ነው። ያንን ቦታ መቁጠሪያው በነባሪ ዩቲኤፍ-16 (ፊደልን በቁጥር ከሚያስቀምጡት ኢንኮዲንጎች አንዱ) ነው፤ ከመነጋገሪያ ደንባቸው፣ ከፕሮቶኮሉ፣ 3.17 ቨርዥን ጀምሮ ግን ሁለቱ ተስማምተው ዩቲኤፍ-8 ሊያደርጉት ይችላሉ። የእንግሊዝኛ ፊደል በሁለቱም አንድ አንድ ነው የሚቆጠረው፣ ስለዚህ የፈረንጅ ኮድ ላይ ልዩነቱ አይታይም። የእኛ ፊደል ግን በዩቲኤፍ-16 አንድ፣ በዩቲኤፍ-8 ሦስት ነው። «ሰላም» በአንዱ 3፣ በሌላው 9። አንዱ በአንድ መቁጠሪያ የሰጠውን ቁጥር ሌላው በሌላ ካነበበው ከአማርኛው ጽሑፍ ቀጥሎ ያለው ምልክት ሁሉ ቦታውን ይስታል፣ ቀዩ መስመር ስሕተቱ ካለበት ርቆ ምንም ያልሆነ ቅንፍ ሥር ይሰመራል። ማስተካከያው ኒኦቪም ኮንፊግ ውስጥ ለሁለቱም ሰርቨሮች ዩቲኤፍ-16ን ብቻ እንደምንቀበል መንገር ነው፣ «ፖዚሽን ኢንኮዲንግስ» በሚለው ቦታ። እሷ አሁን እንደዚያ አድርጋዋለች፣ ማስጠንቀቂያውም ጠፍቷል። ላፕቶፑን ወደ 24.04 ስታሳድገው ደግሞ እዚያ በአፕት የሚመጣው ኖድ 18 ነው፣ ኒኦቪሙም 0.9.5፤ ኖዱ ለፓይራይት ይበቃል፣ ኒኦቪሙ ግን ለሜሰን አሁንም አይበቃም፣ ስለዚህ እሱን እንደ ድሮው ከፕሮጀክቱ ገጽ ነው የምታወርደው።